በቤት ሠርቶ ማደር፤ ጥቅሙና ጉዳቱ በደሴና በኮምቦልቻ

ሰው የሚበላውንና የሚለብሰውን ለማግኘት መሥራት እንዳለበት ማንም አይክድም፤ ሥራው በየት ስፍራ ይሠራ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ትንሽ ነገር ይታለፋል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ ከታወቀ በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ሲታዘዙ፣ በቤት ሆኖ መሥራት ገና አሁን የተፈለሰፈ ነገር መስሎ ተወራ። ነገሩ ግን ከጥንት የነበረ ነው። ሸማኔው እመኝታው አጠገብ በቆፈረው ጉድጓድ እግሩን አስገብቶ ሲሸምን፣ ሴቲቱ ከምድጃዋ ሳትርቅ እንዝርቷን ስታሾር፣ ልብስ ሰፊው በደጁ መኪናውን ሲረግጥ የኖሩት ሁሉ በቤታቸው የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው። እንዲያውም በዘመናችን አዲስ የሆነው ሥራን ከቤት አውጥቶ ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ መውሰዱ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በቤት የመሥራትን ጥቅምና ጉዳት በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች ምሳሌነት መመርመር ነው። እነዚህን ሁለት ከተሞች የመረጥንበት ምክንያት አለን። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ የንግድና የእጅ ሥራ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን የምናገኛት፣ በቦርከና ወንዝ አጠገብ የተዘረጋች፣ የፋብሪካ ከተማ ናት። የቤት ሥራና የፋብሪካ ሥራ እንዲህ ተቀራርበው በሚኖሩበት ስፍራ አንዱን በሌላው መመዘን ይቀላል።

ሀ. በቤት መሥራት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ነገሩ እንዳይደባለቅ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። በቤት የሚሠሩ ሰዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ ሠርቶ፣ ለወደደው የሚሸጥ ባለ እጅ ነው። ሁለተኛው ጥሬ ዕቃውን ከነጋዴ ተቀብሎ፣ በቤቱ ሠርቶ፣ ሥራውን ለዚያው ነጋዴ የሚያስረክብና በቁራጭ ልክ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው። ሦስተኛው ደመወዝተኛ ሆኖ ሳለ ሥራውን በስልክና በኮምፒዩተር አማካይነት ከቤቱ የሚሠራ ነው። በሰው ቤት ተቀጥሮ ማገልገል ግን ከዚህ የተለየ ነገር ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ አንመለከተውም።

ሦስቱም ቤታቸው ይሥሩ እንጂ ዕጣቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ «በቤት መሥራት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ ወደ መልስ አያደርስም። ትክክለኛው ጥያቄ የሥራውን ወጪና አደጋ የሚሸከመው ማነው የሚለው ነው።

ለ. አንድ ሸማ እስኪሠራ ድረስ

ሥራው በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚከፋፈል ለማየት ከሸማ የተሻለ ምሳሌ የለም። ጥጡ በመጀመሪያ ፍሬው እንዲወጣ ይዳመጣል፤ ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ተባዝቶ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች ሥራ ነው። ፈትሉ በቀሰም ይደወራል፤ ድሩ ይደራል፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየወረወረ ማጉን በድሩ መካከል ያሳልፋል። በመጨረሻም ጫፉ ተቋጭቶ ለገበያ ይቀርባል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዛሬ ብዙው ሸማኔ ለድሩ የሚጠቀመው የፋብሪካ ክር ነው፤ ምክንያቱም ድር በጣም ስለሚወጠር ጠንካራና ወጥ የሆነ ክር ይፈልጋል። ለማጉ ግን በእጅ የተፈተለው ለስላሳ ፈትል አሁንም ይወደዳል፤ የጋቢው ሙቀትና ልስላሴ የሚመጣው ከእርሱ ነውና። እንግዲህ በትከሻችን የምንጥለው ልብስ ራሱ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የቤት ነው ማለት ነው። ፋብሪካና ቤት ፈጽሞ የተጣሉ ጠላቶች ናቸው የሚለው አስተያየት ከዚህ ላይ ይፈርሳል።

ይሁን እንጂ የፋብሪካ ክር ሲመጣ ሁሉም እኩል አልተጠቀመም። በእጅ መፍተል እጅግ ጊዜ የሚፈጅ ስለሆነ አንድን ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ለመያዝ ብዙ ፈታዮች ያስፈልጋሉ። የፋብሪካ ክር ሸማኔውን ከዚህ ጥበቃ ነጻ ሲያወጣው ፈታይቱን ግን ገበያዋን ቀንሶባታል። በእንግሊዝ አገርም የሆነው ይህንኑ ይመስላል። በዚያ አገር ነጋዴዎች ሱፍና ጥጥ በየገጠሩ ቤት እያደሉ ያስፈትሉና ያሸምኑ ነበር። ጄምስ ሃርግሬቭዝ በ1764 እ.ኤ.አ. ገደማ ብዙ እንዝርት ባንድ ጊዜ የሚያሾረውን መሣሪያ ከሠራ፣ ሪቻርድ አርክራይትም በ1771 እ.ኤ.አ. በክሮምፎርድ በውኃ ኃይል የሚሠራ የፈትል ፋብሪካ ከመሠረተ በኋላ በመጀመሪያ ሥራቸውን ያጡት በቤት የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው። የእጅ ሸማኔዎቹ ግን ክር ስለበዛላቸው ለጊዜው ተጠቀሙ፤ የእነርሱ ተራ የደረሰው የሽመና መኪና ሲስፋፋ ነው። በእኛ አገር ሸማኔው እስከ ዛሬ ሊቆይ የቻለው ገዢው ለእጅ ሥራው፣ ለጥለቱና ለጋቢው የተለየ ዋጋ ስለሚሰጥ ነው።

ሐ. ጥቅሙ

በቤት የመሥራት የመጀመሪያ ጥቅም ጊዜን እንደ ኑሮው ሁኔታ ለማዋል ማስቻሉ ነው። ሕፃን የምታጠባ እናት፣ የታመመ ወላጅ የምታስታምም ልጅ፣ ወይም አካሉ የተጎዳ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሩቅ ፋብሪካ መሄድ ቢያቅተው በቤቱ ሆኖ ጥቂትም ቢሆን ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። በደሴና በአካባቢዋ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች እንጀራ ጋግሮ በመሸጥ፣ በርበሬና ሽሮ በማዘጋጀት፣ በጥልፍና በልብስ ስፌት የሚተዳደሩት በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም በትንሽ ገንዘብ ለመጀመር መቻሉ ነው። የባህላዊው ሽመና ዕቃ አብዛኛው ከእንጨት፣ ከሸንበቆና ከገመድ የሚሠራ ስለሆነ ቢሰበር በአገር ውስጥ ባለ እጅ ይጠገናል፤ መለዋወጫ ከውጭ አገር እስኪመጣ አይጠበቅም።

ሦስተኛው ጥቅም ሙያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ያለ ትምህርት ቤት ክፍያ መተላለፉ ነው። አራተኛው ደግሞ የመንገድ ድካምና የመጓጓዣ ወጪ መቅረቱ ነው። በክረምት ጭጋግና ዝናብ ሐረጎን በየቀኑ መውጣትና መውረድ ምን ያህል እንደሚያደክም ከሁለቱ ከተሞች ባንዱ እየኖረ በሌላው የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

መ. ጉዳቱ

ከላይ የዘረዘርናቸው ጥቅሞች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ጥላ አላቸው። ጊዜን እንደ ፈቀዱ ማዋል የሚለው ነጻነት ማቆሚያ የሌለው ሥራ ሊሆን ይችላል። በፋብሪካ ደወል ሲደወል ሥራ ያበቃል፤ በቤት ግን በዓል ሲቃረብ ሸማኔው እስከ ሌሊት ይሠራል፤ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሥራ የፈታበትንም ቀን የሚከፍለው የለም።

ሙያን ለልጅ ማስተማር መልካም ነው፤ ቀሰም የሚደውረው ልጅ ከትምህርቱ ከቀረ ግን ትምህርቱ የተገዛው በትምህርት ነው። የቤቱም ጠባብነት ሌላ ችግር ነው። የጥጥ ብናኝ፣ የበርበሬ ቡናኝና የምድጃ ጭስ ቤተሰቡ በሚተኛበት ክፍል ይቀራሉ። በደብዛዛ ብርሃን መሥራት ዓይንን ይጎዳል፤ ጎንበስ ብሎ መዋልም ወገብን ያሳምማል። ይህ ሁሉ በፋብሪካ ቢደርስ «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት» ይባላል፤ በቤት ሲደርስ ግን ሕመም ብቻ ተብሎ ይቀራል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው ጉዳት ነው፤ ይኸውም በቤት የሚሠራ ሥራ የማይቆጠር መሆኑ ነው። ነገሩን በምሳሌ እንመልከት፤ ቁጥሮቹ የስሌቱን መንገድ ለማሳየት እኛ ያደረግናቸው እንጂ ከገበያ የተወሰዱ አይደሉም። አንድ ሸማኔ አንድ ነጠላ በ1,500 ብር ሸጠ እንበል። ለድርና ለማግ 800 ብር ካወጣ 700 ብር ይተርፈዋል። ሽመናው 2 ቀን ከፈጀበት በቀን 350 ብር አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን ሚስቱ ድሩን ስታዘጋጅና ቀሰሙን ስትደውር 1 ቀን፣ ጫፉን ስትቋጭ ግማሽ ቀን ውላለች፤ እርሱም ክር ለመግዛትና ሸማውን ለመሸጥ ግማሽ ቀን ገበያ ውሏል። ስለዚህ ሥራው የፈጀው 2 ቀን ሳይሆን 4 ቀን ነው። የቦታው ኪራይ፣ የመብራቱና የዕቃው ማርጃ 100 ብር ቢሆን የተረፈው 600 ብር ነው። ይህ ለ4 ቀን ሲካፈል በቀን 150 ብር ይሆናል። እንግዲህ 350 መስሎ የታየው 150 ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ልዩነቱ የት ሄደ? ከፊሉ በሚስቱ ድካም፣ ከፊሉ በቤቱ ወጪ ተሸፍኗል። ቤት ወጪን አያጠፋም፤ ይደብቃል እንጂ። ሸማው ረከሰ ሲባልም ብዙ ጊዜ የረከሰው ያልተቆጠረችው ሴት ድካም ነው።

ሠ. ፋብሪካው ሲመዘን

በኮምቦልቻ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሆነ ተቋም ነው። ከዚህም በኋላ ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር በአቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመጀመሪያው ምዕራፍ በ75 ሄክታር መሬት ላይ ተሠራ።

በፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሰዓቱ ይታወቃል፤ ደመወዙ ይመዘገባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለወላድ ሠራተኛም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲሰጥ ያዛል። በቤቷ የምትፈትል ሴት ብትወልድ ግን እንዝርቷ ቆመ ማለት ገቢዋ ቆመ ማለት ነው።

ቢሆንም ፋብሪካውንም ያለ ልክ ማመስገን አይገባም። ከገጠር የመጣች ወጣት ሠራተኛ ከደመወዟ ላይ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ስትቀንስ የሚተርፋት ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ የፋብሪካው ዕድልም በሩቅ ገበያ የተንጠለጠለ ነው። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የሰጠችውን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ላይ ስታነሣ ችግሩ የደረሰው ለውጭ ገበያ በሚሰፉት ፋብሪካዎች ላይ ነው። በደሴ ለሠርግና ለበዓል የሚሸመነው ሸማ ግን ገዢው እዚያው አገር ውስጥ ነው።

የጦርነቱም ጊዜ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ወድቀው መንግሥት ኅዳር 27 ቀን መልሶ መያዙን እስኪያስታውቅ ድረስ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ሌሎች ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፤ ጉዳትም ደርሶባቸዋል። ብዙ መኪናና ብዙ ሠራተኛ ባንድ ግቢ ሲሰበሰብ አንድ ጥፋት የብዙውን ሰው እንጀራ ባንድ ቀን ያቋርጣል። በየቤቱ የተበተነ ሥራ ባንድ ጊዜ ሁሉ አይጠፋም፤ ነገር ግን የሚተካለት ድርጅት፣ የሚክሰው መድን የለውም። ፋብሪካው ሲዘረፍ ጉዳቱ ተጽፎ ለመንግሥት ይቀርባል፤ የአንዲት ፈታይ ባዘቶ ቢወሰድ ግን በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

ረ. ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው በቤት የሚሠራ ሰው ሕግ የማያውቀው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የተጠቀሰው አዋጅ በአንቀጽ 46 ሠራተኛው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ስፍራ፣ አሠሪው በቀጥታ ሳይቆጣጠረው፣ በክፍያ በመደበኛነት የሚሠራበትን ውል እንደ ሥራ ውል ይቆጥረዋል።

ከዚህም የበለጠ አስፈላጊ የሆነ ነገር በዚሁ አንቀጽ ይገኛል። አንድ ነጋዴ ክር ወይም መሣሪያ ለሠራተኛው «ሸጥኩለት» ብሎ የተሠራውን ዕቃ መልሶ የሚገዛው ቢሆን፣ ሕጉ ይህንን እንደ ተራ ሽያጭ አያየውም፤ በቤት የሚሠራ የሥራ ውል እንደሆነ ይቆጥረዋል። ይህ ድንጋጌ ከላይ በሁለተኛ ደረጃ ለጠቀስነው ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። ክር በዱቤ ወስዶ ሸማውን ለዚያው ነጋዴ የሚያስረክብ ሸማኔ «ነጋዴ ነህ» ቢባል ዕዳውም ኪሳራውም የእርሱ ነው፤ «ሠራተኛ ነህ» ከተባለ ግን አሠሪ አለው። ቀጥሎ ያለውም አንቀጽ አሠሪው የእንዲህ ያለውን ሠራተኛ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል። ሆኖም ከአዋጁ ሌሎች ድንጋጌዎች የትኞቹ በቤት ለሚሠሩት እንደሚጸኑ በመመሪያ የሚወሰን ስለሆነ በአንቀጹ ላይ ብቻ ተመክቶ ሁሉ ተሟልቷል ማለት አይቻልም። በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ለወደደው የሚሸጠውም ባለ እጅ ከአዋጁ ውጭ ነው።

በዓለም ደረጃም የዓለም የሥራ ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. በቤት ስለሚሠራ ሥራ 177ኛውን ስምምነት አውጥቷል። የስምምነቱ ዋና አሳብ በቤት የሚሠራ ሰው ከሌላው ደመወዝተኛ ጋር በተቻለ መጠን እኩል እንዲታይ ነው።

ሰ. ስለ ቢሮ ሥራና ስለ ተማሪዎች

በስልክና በኮምፒዩተር ከቤት የሚሠራው ሦስተኛው ክፍልም ከዚሁ ሕግ አይወጣም። በቢሮ ሲሠራ መብራቱን፣ ጠረጴዛውንና የመገናኛውን መስመር የሚያቀርበው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከቤቱ ሲሠራ ግን ይህ ወጪ ወደ ሠራተኛው ሊዞር ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ሲቋረጥ በከተማ የነበረው ተማሪ ንባቡን በስልኩ ሲከታተል፣ መብራትና መስመር ወደሌለበት ገጠር የተመለሰው ጓደኛው ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜም እንዲህ ያለ ሥራ ምን ያህል በሌላ ሰው እጅ ባለ መስመር ላይ እንደተንጠለጠለ ታይቷል። ሸማኔው መብራት ቢጠፋ በር ከፍቶ በፀሐይ ብርሃን ይሸምናል፤ በኮምፒዩተር የሚሠራው ግን ሥራውን ያቆማል።

ሸ. ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጸው እንደምንረዳው በቤት መሥራት በራሱ በጎም ክፉም አይደለም። ወጪው ተቆጥሮ፣ ጊዜው ታውቆ፣ አደጋውን የሚካፈል ወገን ሲኖር ለእናት፣ ለሽማግሌና ለባለ ሙያ ታላቅ ረዳት ነው። ወጪውና አደጋው ሁሉ በዝምታ ወደ ቤት ሲገፋ ግን ርካሽ ዕቃ ለገዢው፣ ትርፍ ለነጋዴው፣ ድካም ለቤተሰቡ ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ መልካም ይመስለናል። አንደኛ፣ በቤት የሚሠሩ ሰዎች ከእጃቸው ብቻ ሳይሆን ከቤተሰባቸው የወጣውንም ቀንና ወጪ በደብተር ቢጽፉ ዋጋ ሲቆርጡ እንዳይታለሉ ይረዳቸዋል። ሁለተኛ፣ ክር በጅምላ የሚገዙበትና ብርሃን ያለው የጋራ መሥሪያ የሚያገኙበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ቢጠናከር የቤት ሥራን ነጻነት ከፋብሪካ ሥርዓት ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ። ሦስተኛ፣ ክር እየሰጡ ሸማ የሚረከቡ ነጋዴዎች ሕጉ በሚያዘው መሠረት መዝገብ እንዲይዙ ማድረግ ይገባል።

ለእኛ ለተማሪዎችም የሚቀር ሥራ አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ ያለው እንደመሆኑ ከሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች ተባብረው፣ አንድ ሸማ ከጥጡ እስከ ገበያው ስንት የሰው ቀን እንደሚፈጅና ያ ቀን የማን እንደሆነ ቤት ለቤት እየዞሩ ቢመዘግቡ፣ እስከ ዛሬ በግምት የምንናገረውን በቁጥር ለመናገር እንበቃለን። በምዝገባውም ጊዜ ሸማኔውን ብቻ ጠይቆ መመለስ አይበቃም፤ ከምድጃው አጠገብ እንዝርት ይዛ የተቀመጠችውንም መጠየቅ ያስፈልጋል።